የነሐሴ መጨረሻ እሑድ፦ ዘመድ ሰብስቦ፣ ግቢ አጽድቶ፣ ወፎቹን ሳያባርሩ መዋል

ከፍልሰታ ፍቺ እስከ እንቁጣጣሽ ያሉት ሳምንታት አዲስ አበባ ውስጥ ግቢ ላለው ሰው ጥድፊያ ናቸው። ሣሩ ጉልበት ደርሷል። የአጥሩ ተክል ወደ መንገድ ወጥቷል። ጓሮውን ሳማ ውጦታል። ዘመድ የሚጠያየቅበት ጊዜም ይኸው ነው። ጾም ተፈቷል፣ ልጆች ትምህርት አልጀመሩም፣ ዓመቱ ሳያልቅ መጠየቅ ያለበት አጎት ወይም አክስት አለ።

ብዙ ሰው ሁለቱን ለየብቻ ያደርጋቸዋል። መጀመሪያ ግቢውን በቀን ሠራተኛ እስከ አፈሩ ያስላጨዋል። ከዚያ እንግዳ ይጠራል። እኔ ሁለቱንም በአንድ እሑድ ማድረግ ይሻላል ባይ ነኝ። ዘመድ ሶፋ ላይ ተደርድሮ ቴሌቪዥን ከሚያይ፣ ግማሽ ቀን አብሮ ቢሠራ ይቀራረባል። ሌላም ምክንያት አለኝ። ክረምት ትል፣ ነፍሳትና ዘር የሚበዛበት ወቅት ስለሆነ፣ በግቢያችን ያሉ ብዙ ወፎች ጫጩት የሚያሳድጉት በዚሁ ጊዜ ነው። የቀን ሠራተኛ የተነገረውን አጭዶ ይሄዳል። የቤቱ ልጅ ግን ጎጆ የት እንዳለ ካወቀ ያን ቅርንጫፍ ያልፈዋል።

ከዚህ በታች ቀኑን ከዝግጅቱ እስከ ማታው በቅደም ተከተል አስቀምጣለሁ። ግቢያችሁ ጠባብ ቢሆንም፣ ከጎረቤት ጋር የጋራ ቢሆንም ይሠራል።

1. ሐሙስ ወይም ዓርብ ጠዋት፦ ምንም ሳይነኩ ማየት

ከሁሉም የማይዘለለው ደረጃ ይህ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሻይ ይዛችሁ በረንዳ ላይ ተቀመጡ። ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ስልኩን ቤት ተዉት። ወፎቹ ከየት ተነሥተው የት እንደሚገቡ ብቻ ተከታተሉ።

ሣር ወይም ጭራሮ በመንቁሯ ይዛ ቁጥቋጦ ውስጥ የምትገባ ወፍ ጎጆ እየሠራች ነው። ትል ይዛ የምትገባዋ ደግሞ ጫጩት አላት። ከሁለቱ አንዷን ካያችሁ ቦታውን አስታውሱና፣ ወፏ ስትወጣ ከጎጆው ራቅ ባለ ቅርንጫፍ ላይ ቀይ ጨርቅ እሰሩ። ጎጆው አጠገብ አትቁሙ፤ ቅጠሉንም ገልጣችሁ አትዩ። እናንተ ያያችሁትን ድመትም ቁራም ያየዋል።

አዲስ አበባ ውስጥ ጠዋት ምን ይታያል? ከምትጠብቁት በላይ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች፣ በሌላው ዓለም የሌሉ የደጋ ወፎች በየሰፈሩ አሉ። ረዥም ወደ ታች የታጠፈ መንቁር ያላት፣ አንገቷ ሥር ሥጋ የተንጠለጠለላት ጥቁር ትልቅ ወፍ አለች። በቡድን እየጮኹ ጣሪያ ላይ የሚያልፉትና ብዙ ሰው ከእንቅልፉ የሚነቃባቸው እነሱ ናቸው። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ አይገኙም። መንቁራቸውን እርጥብ ሣር ውስጥ ሰክተው ትልና እጭ እየለቀሙ ይውላሉ። የሣራችሁን ሥር የሚበሉ እጮችን በነጻ የሚያጸዱላችሁ እነሱ ናቸው ማለት ነው።

ጣሪያና ቤተ ክርስቲያን ጉልላት ላይ የምታርፈው፣ ከአንገቷ ጀርባ ነጭ ጥምጥም ያላት ግራጫ ርግብም የዚሁ አካባቢ ብቻ ናት። ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለው፣ መንቁሩ ወፍራም የሆነው ትልቁ ቁራም እንደዚሁ ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ የለም። ዛፍ ያለው ሰፈር ከሆናችሁ ትንሽዬ አረንጓዴ በቀቀን ትመጣላችኋለች። ግንባሩ ቀይ ከሆነ ወንዱ ነው፤ ሴቷ ቀይ የላትም። የምትፈለፍለው የዛፍ ጎድጓዳ ውስጥ ነው። እሬት ወይም ራስ ክምር ካላችሁ ደግሞ፣ ቀጭን የታጠፈ መንቁር ይዛ አበባ ውስጥ ማር የምትመጥ ወፍ አትጠፋም። ከእነሱ አንዷ ሳይንሳዊ ስሟ ከተከዜ ወንዝ የተወሰደ ነው። የወንዱ ላባ ፀሐይ ሲያርፍበት ሐምራዊ ሆኖ ያንጸባርቃል።

እነዚህን ለይታችሁ ካወቃችሁ እሑድ ለሚመጡት ልጆች የምታሳዩት ነገር አላችሁ ማለት ነው።

ከወፎቹ በኋላ ግቢውን አንድ ዙር ዙሩ። ትኩስ የአፈር ቁልል ካለ ፍልፈል አለ። የጉንዳን መስመር የት እንደሚያልፍ እዩ። የአጥሩን ቅጠል ጠጋ ብላችሁ ስትመለከቱ እስስት ልታገኙ ትችላላችሁ።

2. ስልክ መደወል

ዘመድ ሲጠራ ምን እንደሚጠብቀው ይነገረው። «እሑድ ኑና እንጫወት» ተብሎ ነጭ በነጭ ለብሶ የመጣን ሰው ማጭድ ማስያዝ ነውር ነው። «ግቢ እናጸዳለን፣ ምሳ አብረን እንበላለን፣ ቦት ጫማ ያለው ይዞ ይምጣ» በሉ። ከቅዳሴ በኋላ የሚመጣ ካለ ይምጣ፤ ሥራው ይጠብቀዋል።

ሥራውን ከወዲሁ በሰው በሰው አከፋፍሉት። ጎረምሶች ሣር ያጭዳሉ። የጠና አጎት አጥር ይከረክማል፤ ብዙ ጊዜ ከሁላችን የሚሻለው እሱ ነው። ወገባቸውን የሚያማቸው ተቀምጠው ችግኝ ይለያሉ። አያት ካላችሁ ከሁሉም የከበደውን ሥራ ስጧቸው፤ የቱ አረም፣ የቱ መድኃኒት እንደሆነ እሳቸው ይወስኑ። ዳማ ከሴ፣ ጤና አዳም፣ አሪቲ፣ ግራዋ፣ ጦስኝ… ወጣቱ ሁሉንም «ቅጠል» ብሎ ይነቅላቸዋል። እማማ ግን ወንበራቸው ላይ ሆነው በከዘራ ይጠቁማሉ። አንድ ልጅ ደብተር ይዞ አጠገባቸው ይቀመጥና ስሙንና ጥቅሙን ይጻፍ። ይህን ደብተር አታቃልሉት። ከዓመታት በኋላ ቤተሰቡ የሚፈልገው እሱን ነው።

3. ቅዳሜ፦ መሣሪያና ቤት ውስጥ

ማጭዱን አስስሉት። ደነዝ ማጭድ ሣሩን ይነቅለዋል እንጂ አይቆርጠውም፤ እጅም የሚቆርጠው ደነዙ ነው። የአጥር መቀስ፣ ዶማ፣ አካፋ፣ ሁለት ሦስት ባዶ ማዳበሪያ፣ ወፍራም ጓንት፣ ረዥም ዱላ ይኑር። ዱላው ለእባብ መግደያ አይደለም። ሣር ከመታጨዱ በፊት መነካኪያ ነው።

የሣር ማሽን ካላችሁም ለጠርዝና ለጓሮ ማጭድ ይሻላል እላለሁ። ማሽን የሚያልፍበትን አያይም። ማጭድ የያዘ ሰው ግን ጎንበስ ብሎ እያየ ነው የሚሄደው።

ምግቡን አታክብዱት። የሚሠራ ሰው እንጀራ በሽሮ፣ የተቀቀለ ድንች፣ ጎመን በሥጋ ቢያገኝ ይበቃዋል። ወቅቱ የበቆሎ እሸት ስለሆነ ከሰል ላይ ጠብሶ ማዞር ነው። ድፎ ዳቦ ቅዳሜ ማታ ይደፋ። እናት እሑድ ሙሉ ቀን ኩሽና ውስጥ ከዋለች ቀኑ የሷ አልሆነም። ስለዚህ ሊቀድም የሚችለው ሁሉ ቅዳሜ ይለቅ።

4. እሑድ ጠዋት፦ ዝናብ ሳይቀድማችሁ

ነሐሴ ላይ ዝናቡ ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው የሚወርደው። ስለዚህ ከባዱ ሥራ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ያልቃል። ሣሩ ጤዛ ይዞ ስለሚያዳልጥ ከ2 ሰዓት በፊት መጀመር አያዋጣም። ለወፎቹም ጥሩ ነው፤ የጠዋት ምግባቸውን ለቅመው ይጨርሳሉ።

ከመጀመራችሁ በፊት ሁሉም ቆሞ የአምስት ደቂቃ ማብራሪያ ይስማ። ቀይ ጨርቅ ያለበት ቦታ አይነካም። እጅ ክምር ውስጥ አይገባም፤ መጀመሪያ ዱላ። ገጀራና ማጭድ ልጅ አይይዝም። ያልታወቀ እንስሳ ያየ ሰው አይመታም፤ ይጠራል።

5. ሣሩ፦ ከመሀል ወደ ዳር

አብዛኛው ሰው ከአጥሩ ዳር ጀምሮ እየዞረ ወደ መሀል ያጭዳል። እንዲህ ሲሆን ሣር ውስጥ ያለው እንቁራሪት፣ እንሽላሊት፣ ጫጩት ሁሉ ወደ መሀል እየተገፋ ይሄዳል። መጨረሻ ላይ የቀረችው ትንሽ ሣር ውስጥ ታጉሮ ማጭድ ይወርድበታል። እናንተ ገልብጡት። ከቤቱ ደጃፍ ወይም ከግቢው መሀል ጀምራችሁ ወደ አጥሩ ሂዱ። እንስሳው መውጫ ያገኛል።

ሣሩ ጉልበት ከደረሰ በአንዴ ዝቅ አታድርጉት። መጀመሪያ አንድ ስንዝር ያህል አስቀርታችሁ እጨዱ። ከዚያ ለአንድ ሰዓት ያህል ሌላ ሥራ ሥሩ። በዚህ መሀል ተደብቆ የነበረው ሁሉ መጠለያው እንደሳሳ ገብቶት ይለቃል። ሁለተኛውን ዙር ዝቅ አድርጋችሁ፣ አምስት ስድስት ሳንቲ ሜትር አስቀርታችሁ ጨርሱ። ከዚያ በታች አትውረዱ። እስከ ሥሩ የተላጨ ሰርዶ ጥቅምት ላይ ፀሐይ ሲበረታ ቢጫ ይሆናል። በባዶው አፈር ላይ ደግሞ አረም ይቀድማል።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የሚከራከረኝ ነገር፦ ሁሉንም አትጨዱ። በአጥሩ ዙሪያ አንድ ሜትር ስፋት ያለው ጥግ ተዉ። አደይ አበባ የሚፈነዳው በመስከረም ነው። ዛሬ ቅጠሉን አይታችሁ አረም ነው ብላችሁ ካጨዳችሁት ለእንቁጣጣሽ ከገበያ ልትገዙ ነው። አበባው አልቆ ዘሩን ሳይጥል ከታጨደም ለመጪው ዓመት የሚበቅል አይኖርም። ስለዚህ ያ ጥግ እስከ ኅዳር ይቆይ። ንቡም ቢራቢሮውም ዘር ለቃሚ ወፎችም እዚያ ይሰበሰባሉ። እንግዳ ዓይን ውስጥ ያልተጠረገ እንዳይመስል ከፈለጋችሁ፣ የጥጉን ጠርዝ ቀጥ አድርጋችሁ በድንጋይ አጥሩት። ጠርዙ ቀጥ ካለ ሆን ተብሎ የተተወ መሆኑ ለማንም ይገባዋል።

ሳማውስ? መንገድ ላይ ያለውን ቁረጡ። ጓሮ ጥግ ያለውን ጥቂት ተዉት፤ የአንዳንድ ቢራቢሮ ትሎች ምግብ ነው።

6. አጥርና ቅርንጫፍ

እውነቱን ለመናገር የአጥር ተክል የሚከረከምበት ምርጥ ጊዜ ነሐሴ አይደለም። ጎጆ የሚበዛበት ወቅት ስለሆነ ትልቁን ክርከማ ወደ ኅዳርና ታኅሣሥ ብትገፉት ይሻላል። ዛሬ መንገደኛ የሚያደናቅፈውን፣ የመብራት ገመድ የነካውን፣ መስኮት የጋረደውን ብቻ አንሡ። ከላይና ከጎን ቀለል አድርጋችሁ ቁረጡ፤ ውስጡን አትክፈቱት።

ከመቁረጣችሁ በፊት ቅርንጫፉን በዱላ ቀስ አድርጋችሁ ነቅንቁት። ወፍ ብር ብላ ከወጣችና አቅራቢያ ሆና ከጮኸች ጎጆ አለ። ያን ቦታ ዝለሉት። አበባ የምትመጠው ወፍ ጎጆዋን የምታያይዘው በሸረሪት ድር ነው። ትንሽ ከረጢት መስሎ ከቀጭን ቅርንጫፍ ላይ ይንጠለጠላል። የደረቀ ቅጠል ቁራጭ የተንጠለጠለ መስሏችሁ እንዳትጥሉት። የአጥሩን የሸረሪት ድር ሁሉ በመጥረጊያ ማጽዳትም አያስፈልግም። ለበሩና ለመስኮቱ ይበቃል።

የሞተ ግንድ ካለ፣ ለቤትና ለሰው አደጋ ካልሆነ፣ አትቁረጡት። በቀቀኗ የምትፈልገው ጎድጓዳ እዚያ ነው ያለው።

አዲስ መትከል ለምትፈልጉ ወቅቱ ሊያልቅ ነው፤ አፈሩ ግን ገና እርጥብ ነው። ጽድ፣ ወይራ፣ ኮሶ፣ ቦታ ላለው ዝግባ። ለአጥር ኮሽምና ቀጋ እሾሃቸው ሌባ ይከለክላል፤ ፍሬያቸውን ወፍ ይበላል። ባሕር ዛፍ በትንሽ ግቢ ውስጥ አትትከሉ። ውሃውን ይጠጣዋል፤ ሥሩም ሌላ አያስበቅልም።

7. የተቆረጠው ወዴት ይሂድ

እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ። ብዙ ቤት ክምሩን ወይ ያቃጥላል ወይ ወንዝ ዳር ይጥላል። ሁለቱም ክፉ ነው። ክምሩን በሦስት ክፈሉት።

የመጀመሪያው ብስባሽ ነው። ጥላ ያለው፣ ውሃ የማያቁር ጥግ ምረጡ። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ይበቃል። ከታች ቀጫጭን ጭራሮ አንጥፉ፤ አየር ይገባበታል። ከላዩ አንድ ስንዝር እርጥብ ሣር፣ ከዚያ የዚያን ግማሽ የሚሆን ደረቅ ቅጠል፣ ከዚያ ስስ አፈር ወይም እበት፣ ትንሽ አመድ። እንዲህ እያደረጋችሁ እስከ አንድ ሜትር ቁመት ሂዱ። የታጨደ ሣር ብቻውን ከተከመረ ይሸታል፣ ይላቁጣል። ደረቅ ቅጠል የግድ ነው። የወጥ ትርፍ፣ ሥጋና አጥንት አይግባ፤ አይጥ፣ ውሻና ሌሊት ጅብ ይጠራል። የባሕር ዛፍ ቅጠልም ቶሎ ስለማይበሰብስ ይቅር። የሰርዶ ሥር ከገባ ውስጡ ይበቅላል። መጀመሪያ ሲሚንቶ ላይ በፀሐይ አድርቁት። የነሐሴ ዝናብ እንዳያጥበው በላስቲክ ሸፍኑት። በየሦስት ሳምንቱ በአካፋ ገልብጡት። ጭብጥ ስታደርጉት እርጥብ ሆኖ ውሃ ካላንጠባጠበ ልክ ነው። በአዲስ አበባ ብርድ ሦስት አራት ወር ይፈጃል። ለበልግ ችግኝ ይደርሳል።

ሁለተኛው የእንጨት ክምር ነው። ወፍራም ቅርንጫፎችን አጥር ጥግ ላይ ደርድራችሁ ተዉ። እንሽላሊት፣ እንቁራሪት፣ ጥንዚዛ ይገቡበታል። ይህ ክምር ከቤቱ በርና ከልጆች መጫወቻ ራቅ ይበል።

ሦስተኛው ቀጥ ያለ ደረቅ ጭራሮ ነው። ዝናብ የማይነካው ጣሪያ ሥር አስቀምጡት። ለዋዜማና ለመስቀል ችቦ ይሆናል። ልጆች ራሳቸው የሰበሰቡትን ችቦ ሲያበሩ ደስታቸው ሌላ ነው።

8. በሥራ መሀል እንስሳ ቢገጥማችሁ

*እስስት።* ስለ እስስት በየቤቱ የሚወራው አስፈሪ ነው። መርዝ አላት፣ ከነካችህ ጥርስህ ይረግፋል፣ ሌላም ሌላም። መርዝ የላትም። ሁለት ዓይኖቿን ለየብቻ ታዞራለች። ከሰውነቷ የሚረዝም ምላሷን ወርውራ ዝንብና አንበጣ ትይዛለች። ሰው አትጎዳም። ችግሯ ቀርፋፋነቷ ነው፤ ማጭድ ሲመጣ አትሸሽም። ዱላ ከፊቷ አቅርቡላት። ራሷ ትወጣበታለች። ከዚያ ወደማይቆረጠው አጥር ውሰዷት። በዚህ ቀን ለልጆች የምታወርሱት ነገር ቢኖር ይህ ይሁን፤ በድንጋይ የሚወገሩ እስስቶች ብዙ ናቸውና።

*እባብ።* በደጋው ብዙ አይደለም፤ ግን አለ። ሁሉም ወደ ኋላ ይበል። መንገድ ስጡት፤ ይሄዳል። ማንም ቢነደፍ አትብጡት፣ አትምጠጡት፣ በገመድ አትሰሩት። የተነደፈውን አካል ሳታንቀሳቅሱ ቶሎ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።

*የንብ መንጋ።* ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ካገኛችሁ ማሽን አጥፉ፣ ልጆች አስገቡ፣ ጭስም ድንጋይም አይኑር። አዲስ ቤት ፈልጎ የወጣ መንጋ ብዙ ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ይሄዳል። ካልሄደ የሚያውቁትን ንብ አናቢ ጥሩ። እሱ መንጋ እየፈለገ ነው።

*ፍልፈል።* የድንችና የእንሰት ጠላት ነው፤ መናደዱ ይገባኛል። መርዝ ግን አታስቀምጡ። የአይጥ መርዝም እንደዚሁ። በመርዝ የደከመውን አይጥ ጉጉት ትበላዋለች፣ እሷም ትሞታለች። አንዲት ጉጉት ደግሞ ከማንኛውም ወጥመድ በላይ አይጥ ትጨርሳለች። ጉጉት ስትጮኽ «መጥፎ ምልክት ነው» ብሎ የሚያባርር ዘመድ ካለ በአክብሮት ይህን ንገሩት። መርዝ የሚገድለው ጉጉትን ብቻ አይደለም። ቄራ አካባቢ የምናያት ትንሿ ጥንብ አንሳ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በዓለም ላይ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ውስጥ ተመዝግባለች። ከዋና ምክንያቶቹ አንዱ የተመረዘ ሥጋ ነው። ለፍልፈሉ የሚሻለው ችግኝ ስትተክሉ ጉድጓዱን በሽቦ ወንፊት መሸፈን ነው።

*የወደቀ ጫጩት።* ላባ ያላወጣ ከሆነ በእጃችሁ አንሥታችሁ ጎጆው ውስጥ መልሱት። «የሰው ጠረን ከነካው እናቱ ትተወዋለች» የሚባለው እውነት አይደለም። ላባ ካወጣ መብረር እየተማረ ነው፤ ቅርንጫፍ ላይ አስቀምጡትና ራቁ። ድመቷን ቤት ዝጉባት።

*የሌሊት ወፍና ውሻ።* የሌሊት ወፍ በባዶ እጅ አይነካም። ውሻ፣ ድመት ወይም ሌላ እንስሳ ከነከሰ ወይም ከቧጨረ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡና የዚያኑ ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። ለእብድ ውሻ በሽታ «እስኪ እንየው» አይባልም።

9. ለልጆች ሥራ

ልጅ ዝም ብሎ አይቆምም፤ ሥራ ስጡት። የውሃ ሳህን ማዘጋጀት ለነሱ የተሠራ ነው። ሰፊ የሸክላ ሳህን ወይም የተሰበረ ምጣድ ይበቃል። ውሃው ከሦስት አራት ሳንቲ ሜትር አይበልጥ። መሀሉ ላይ ድንጋይ ይቀመጥ፤ ንብና ትንንሽ ወፎች ይቆሙበታል። ድመት የማትደበቅበት ገላጣ ቦታ ላይ ይሁን። ውሃው በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ይቀየር፤ ካልሆነ የወባ ትንኝ ዓይነቱ ሁሉ ይፈለፈልበታል። ክረምት ላይ ውሃ ሞልቶ ምን ይሠራል ትሉ ይሆናል። ልማዱን አሁን ካስያዛችኋቸው፣ ከጥር እስከ መጋቢት ደረቁ ሲመጣ የግቢው ወፍ ሁሉ ቦታውን ያውቀዋል።

ለወፍ ምግብ መስጠት ከፈለጉ ጥቂት ማሽላ ወይም ጤፍ ይበትኑ። ጨውና በርበሬ የነካው እንጀራ አይሆንም።

ትልልቆቹ ልጆች ያዩትን ይሳሉ፣ ይቁጠሩ፣ ከእማማ ደብተር ጀርባ ይጻፉ።

10. ምሳና ቡና

6 ሰዓት ላይ ማጭድ ይቀመጥ። እጅ በሳሙና ይታጠብ። ምሳ ውጭ ከሆነ ሥጋውን ሸፍኑ፤ በተለይ ልጅ ሥጋ ይዞ ሜዳ ላይ አይቁም። ጭልፊት ከሰማይ ተወርውሮ ከእጅ ይነጥቃል፣ ጥፍሩም ይቧጭራል። እያያችሁት ሥጋ ብትወረውሩለት ደግሞ ነገ ተመልሶ የጎረቤት ልጅ ላይ ይወርዳል። አታስለምዱት።

ከምሳ በኋላ ቡና ይፈላ። አቦሉ ላይ ጨዋታ ነው። ቶናው ላይ ግን ሥራውን አንሡት፦ ምን ተተወ፣ የትኛው ጎጆ መቼ ይታያል፣ የማን ችግኝ ለማን ይሂድ። አያትን ልጅ ሳሉ በግቢያቸው ምን እንስሳ እንደነበረ ጠይቋቸው። ድኩላ፣ ጉሬዛ፣ ቀበሮ… ዛሬ አስፋልት የሆነው ሰፈር ምን እንደነበር ከሳቸው በቀር የሚነግራችሁ የለም።

ኮክ ወይም ጎመን የሚበሉባችሁን፣ በቡድን የሚዞሩ ረዥም ጭራ ያላቸው ቡናማ ወፎችም ይነሡ ይሆናል። መረብ አትዘርጉ፤ እግራቸው ተጠላልፎ ይሞታሉ። የሚበስለውን ፍሬ በወረቀት ከረጢት ሸፍኑት፤ ጫፍ ላይ ያለውን ለነሱ ተዉላቸው።

11. ከሰዓት፦ መምጣት ወዳልቻለው ዘመድ

ብቻዋን የምትኖር አክስት፣ ጉልበት የከዳቸው አጎት አይጠፉም። ዝናቡ ካባራ በኋላ ሁለት ሦስት ሰው ሆናችሁ ሂዱ። ከስኳርና ከቡናው ጋር ማጭዱንም ያዙ። ድፎ ዳቦው ሲቆረስ ለሳቸው የሚሆነውን አስቀሩ።

ስትደርሱ ግን ወዲያው ሣር ማጨድ አትጀምሩ። ቁጭ በሉ፣ ጤንነታቸውን ጠይቁ፣ ያቀረቡላችሁን ቅመሱ። ከዚያ «እትዬ፣ ይቺን ደጃፍ ቀለል ላድርግልዎት?» ብላችሁ ጠይቁ። ከበር እስከ ሽንት ቤት ያለውን የሚያዳልጥ መንገድ ማጽዳት ከሁሉ ይቅደም። አረጋዊ የሚወድቀው እዚያ ነው። ጣሪያቸው የውሃ መውረጃ በቅጠል ከተደፈነም ክፈቱላቸው። ርግብ ከሰፈረችበት ተዉት፤ እሳቸውም ሊወዷት ይችላሉ።

ስትወጡ ጤና አዳም ወይም የጎመን ችግኝ ስጧቸው፣ ወይም ከሳቸው ግቢ ቀንጥቡ። ችግኝ ሲለዋወጡ የቆዩ ዘመዳሞች የሚደዋወሉበት ምክንያት አያጡም።

12. ማታ

መሣሪያው ይታጠብ፣ ይድረቅ፣ ዘይት ይቀባ። ዶሮ ካላችሁ 12 ሰዓት ሳይሞላ ቆጧን ዝጉ። ሣሩ ስለታጨደ ሸለምጥማጥ መንገዷ ተከፍቶላታል፤ ዛሬ ከሌላው ቀን ይበልጥ ንቁ። የምሳ አጥንትና ቆሻሻ በር ላይ አይደር፤ በተለይ እንጦጦ ሥርና የከተማው ዳር ያላችሁ፣ ጅብ ያሸተዋል። የውጭ መብራት ሳያስፈልግ አይደር፤ የሌሊት ነፍሳትን ያደክማል።

ቀይ ጨርቆቹን አትፍቱ። እንቁጣጣሽ ካለፈ በኋላ ጎጆዎቹን ከሩቅ እዩ። ወፍ መመላለሱ ካቆመና ጎጆው ባዶ ከሆነ ጨርቁን ፈትታችሁ የቀረውን አጥር መከርከም ትችላላችሁ። ገና ትል የምታመላልስ ካለች እስከ መስቀል ጠብቋት።